ስለ አይሜሴጅ በርና ስለ ቢፐር ሚኒ ቁልፍ የቀረበ ሂስ

በእንዲህ ያለ የጥናት መጽሔት ላይ ሂስ የሚቀርበው ብዙውን ጊዜ በታተመ መጽሐፍ ወይም በታየ ቴአትር ላይ ነው። እኛ ግን ዛሬ የምንተቸው በእጅ ስልክ ውስጥ የሚገኝ አንድ የመልእክት አገልግሎትንና ይኸው አገልግሎት በሌላ ሠሪ ስልክ ላይ እንዳይገባ ለምን እንደ ተከለከለ ባለቤቶቹ የሰጡትን ምክንያት ነው። ምክንያትም እንደ ማናቸውም ድርሰት ሊነበብ፤ ሊመረመርና አንዱ ክፍሉ ከሌላው ጋር ሊነጻጸር ይገባዋል ብለን እናምናለን። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመቶችና ወሮች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አይሜሴጅ የተባለውን አገልግሎት የአሜሪካው አፕል ኩባንያ ያወጣው በ2011 ዓ. ም. ነው። ከዚያ በፊት ከአይፎን ወደ ማናቸውም ስልክ የሚላከው ጽሑፍ በቴሌ መሥመር የሚያልፈው ተራው አጭር መልእክት፤ ማለት ኤስኤምኤስ ነበረ፤ በአይፎኑም ገጽ ላይ በአረንጓዴ መደብ ሆኖ ይታይ ነበር። ከ2011 ወዲህ ግን ላኪውም ተቀባዩም የአፕል መሣሪያ የያዙ እንደ ሆነ፤ መልእክቱ የቴሌውን መሥመር ትቶ በኢንተርኔት በአፕል ሰርቨር በኩል ይሄዳል፤ በመንገድ ላይ አፕልም ሆነ ሌላ ሰው እንዳያነበው በምሥጢር ቁልፍ ይቈለፋል፤ መደቡም ሰማያዊ ይሆናል። ከሁለቱ አንዱ አንድሮይድ የያዘ እንደ ሆነ እስከ 2024 ድረስ መልእክቱ ወደ አሮጌው መንገድ ይመለስ ነበር። ሁለቱም ዓይነት የሚታዩት በአንድ መተግበሪያ ውስጥ ስለ ሆነ ባለ አይፎኑ መንገዱን አይመርጥም፤ ስልኩ ራሱ ይመርጥለታል።

ወደ አሮጌው መንገድ መመለስ ምን ማለት እንደ ሆነ በዝርዝር መናገር ያስፈልጋል። ቪዲዮ በቴሌው መሥመር ሲያልፍ ከጥቂት ሜጋባይት በላይ ስለማይፈቀድለት ተጨምቆና ደብዝዞ ይደርሳል፤ አባት የልጁን ምርቃት ቀርጾ ቢልክ በወዲያኛው ስልክ የሚታየው የጉም ሥዕል ነው። አንድ ባለ አንድሮይድ የገባበት የቡድን ውይይት በሙሉ ወደ አረንጓዴ ይለወጣል። ባለ አይፎኑ በአንድ መልእክት ላይ የመውደድ ምልክት ቢያደርግ፤ ለብዙ ዓመት በአንድሮይዱ ላይ ይደርስ የነበረው ምልክቱ ሳይሆን «እገሌ ይህን ወደደ» የሚል ዐረፍተ ነገር ከነሙሉ መልእክቱ ተደግሞ ነበር። ከዚህ ሁሉ የባሰው ግን አይፎኑን ትቶ አንድሮይድ የገዛ ሰው ዕጣ ነው። ቁጥሩ በአፕል መዝገብ እንደ ተመዘገበ ስለሚቀር ወዳጆቹ የሚልኩለት መልእክት ወደ ተወው ስልክ መንገድ እየገባ ይጠፋ ነበር። አፕል ሰዎች ቁጥራቸውን ከመዝገብ የሚያስፍቁበትን ገጽ የከፈተው አገልግሎቱ ሦስት ዓመት ከሠራ በኋላ በ2014 መጨረሻ ነው።

ስለ ቀለሙ ጥቂት እንቈይ። ቀለም ምልክት ነው፤ ምልክትም ለሚያየው ሰው አንድ ነገር ይነግረዋል። አረንጓዴው መደብ ለባለ አይፎኑ የሚነግረው ምንድን ነው? «ይህ መልእክት አልተቈለፈምና ተጠንቀቅ» የሚል ቢሆን ኖሮ መልካም ምልክት በሆነ ነበር። ነገር ግን ብዙው ሰው የሚያነበው «ይህ ሰው ከእኛ ወገን አይደለም» የሚለውን ነው። ጉድለቱ የመንገዱ ሆኖ ሳለ ምልክቱ በሰውየው ላይ ይለጠፋል፤ ቪዲዮው ሲደበዝዝ ጥፋተኛ የሚመስለው ርካሽ ስልክ የያዘው እንጂ በሩን የዘጋው አይደለም። ከዚህም ሌላ ነጭ ፊደል በደማቅ አረንጓዴ ላይ ከሰማያዊው ይልቅ ለዐይን እንደሚከብድ ማንም ሰው ሁለቱን ጐን ለጐን አድርጎ ሊያየው ይችላል። ታስቦም ይሁን ሳይታሰብ ውጤቱ አንድ ነው። ፓይፐር ሳንድለር የተባለው ድርጅት በ2023 በአሜሪካ ወጣቶች ላይ ባደረገው ጥናት ከመቶው 87ቱ አይፎን እንዳላቸው ተናግረዋል። በእንዲህ ያለ የትምህርት ክፍል ውስጥ ለቀሩት ጥቂት ልጆች አረንጓዴ ቀለም ምን ማለት እንደ ሆነ ለመገመት የተለየ ምርምር አያሻም። የአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴርም በማርች 2024 በአፕል ላይ ባቀረበው ክስ ውስጥ ይህንኑ የወጣቶች መገለል ጠቅሶታል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። አፕል አይሜሴጅን ለአንድሮይድ ያልሰጠው ለምንድን ነው? ለዚህ ጥያቄ ከአንድ ቤት የወጡ ሁለት መልሶች አሉ፤ አንደኛው ለውስጥ፤ ሁለተኛው ለውጭ የተነገረ ነው።

የውስጡ መልስ የታወቀው በፍርድ ቤት ምክንያት ነው። ኤፒክ ጌምስ የተባለው ኩባንያ አፕልን ከሶ በ2021 በካሊፎርኒያ ሲከራከር፤ የአፕል ኃላፊዎች እርስ በርሳቸው የተጻጻፉት በማስረጃነት ቀረበ። በ2013 የሶፍትዌር ክፍል ኃላፊው ሚስተር ክሬግ ፌዴሪጊ፤ አይሜሴጅ በአንድሮይድ ላይ ቢወጣ ትርፉ አይፎን የያዙ ቤተሰቦች ለልጆቻቸው አንድሮይድ እንዳይገዙ የሚያግዳቸውን መሰናክል ማንሣት ብቻ እንደ ሆነ ጽፈዋል። በ2016 ደግሞ ሚስተር ፊል ሺለር፤ ይህን ማድረጉ ከሚጠቅመን ይልቅ ይጐዳናል የሚል አስተያየት ሰጡ። በእነዚህ በታወቁት ቃሎች ውስጥ የሚነገረው ስለ ሽያጭ ነው፤ ስለ ተጠቃሚው ምሥጢር አይደለም። ኩባንያ ለትርፍ የቆመ ስለ ሆነ ስለ ሽያጩ ማሰቡን አንነቅፍበትም። የምንነቅፈው በኋላ የሚመጣውን ነው።

በሴፕቴምበር 2022 በአንድ ጉባኤ ላይ አንድ ጠያቂ፤ ለእናቱ አንዳንድ ቪዲዮ በደኅና ሁኔታ ሊልክላት እንዳልቻለ በዚያን ጊዜ ዋና ሥራ አስኪያጅ ለነበሩት ለሚስተር ቲም ኩክ ቢነግራቸው፤ ለእናትህ አይፎን ግዛላት ብለው መለሱለት። መልሱ በጨዋታ መልክ የተነገረ ቢሆንም ከ2013ቱ ጽሑፍ ጋር አያይዞ ለሚያነበው ሰው ጨዋታ አይደለም። በአንደኛው ልጆቹ፤ በሁለተኛው እናቲቱ፤ ቤተሰቡ በሙሉ ወደ አንድ ሠሪ ስልክ እንዲገባ የሚል ያው አንድ ሐሳብ ነው።

አዲስ አበባ ለሚኖረው አንባቢያችን ይህ ክርክር ሩቅ ሊመስለው ይችላል። በአገራችን ቴሌግራም በየስልኩ ስላለ ወዳጁን የስልክህ ሠሪ ማን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። በዋሽንግተንና በአካባቢው የሚኖሩ ወገኖቻችንም ከአገር ቤት ዘመድ ጋር የሚገናኙት በቫይበር፤ በዋትስአፕና በቴሌግራም ነው። ይሁን እንጂ ከእነርሱ አንዱ በአይፎኑ የመልእክት መተግበሪያ አንድሮይድ ለያዘች እናቱ ቢጽፍ፤ ቃሉ የውጭ አገር ኤስኤምኤስ ሆኖ ሳይቈለፍ ባሕር ይሻገራል። እናትህን አይፎን ግዛላት የሚለው ምክር ከወዲህ በኩል ሲሰማ ድምፁ የተለየ ነው። (ሳንጠቅሰው እንዳናልፍ፤ በቴሌግራምም ተራው ውይይት ከዳር እስከ ዳር የተቈለፈ አይደለም፤ የሚቈለፈው «ምሥጢራዊ ውይይት» ተብሎ ለብቻው የሚከፈተው ነው። ሌላውን ስንተች የራሳችንንም ቤት መመልከት ይገባናል።)

የውጩ መልስ በሙሉ የተሰጠው በዲሴምበር 2023 ነው። እርሱን ከመመርመራችን በፊት አይሜሴጅን በሌላ ሠሪ ስልክ ላይ ለማስገባት የተሞከሩትን መንገዶች ማወቅ ያስፈልጋል። መንገዶቹ ሁለት ዓይነት ናቸው፤ ክርክሩም የሚበላሸው ሁለቱ ሲደባለቁ ነው።

የመጀመሪያው የአማላጅ መንገድ ነው። ማክ የተባለው የአፕል ኮምፒዩተር ሁልጊዜ በርቶ ይቀመጣል፤ ባለ አንድሮይዱ መልእክቱን ወደ ማኩ ይልካል፤ ማኩም ተቀብሎ ወደ አይሜሴጅ ያስገባዋል፤ መልሱንም ያመጣለታል። ብሉባብልስና ኤርሜሴጅ የተባሉት ፕሮግራሞች እንዲህ ይሠራሉ፤ ማኩ የባለቤቱ የራሱ ከሆነም የሚያሳስብ ነገር የለም። ማኩ የሌላ ሰው ሲሆን ግን ነገሩ በፍርድ ቤት ደጃፍ በጃንጥላ ሥር ተቀምጠው ማመልከቻ የሚጽፉትን ሰዎች ያስታውሰናል፤ ጸሐፊው የባለጉዳዩን ምሥጢር ሳይሰማ ሊጽፍለት አይችልም። በኖቬምበር 2023 ናቲንግ የተባለው የለንደን ስልክ ሠሪ ሰንበርድ ከተባለ ኩባንያ ጋር ሆኖ ናቲንግ ቻትስ የሚባል መተግበሪያ አወጣ። መልእክቱ ከዳር እስከ ዳር የተቈለፈ ነው ተብሎም ተነገረ። ከውጭ የሆኑ መርማሪዎች ቢፈትሹት ጽሑፉም ሥዕሉም ሰንበርድ ዘንድ ሳይቈለፍ ሊነበብ የሚችል ሆኖ ተገኘ፤ መተግበሪያውም በወጣ በአንድ ቀን ያህል ጊዜ ውስጥ ከጉግል መደብር ተነሣ። አፕል እንዲህ ያለውን ነገር አደገኛ ነው ቢል ማንም አይከራከረውም።

በዲሴምበር 5 ቀን 2023 የወጣው ቢፐር ሚኒ ግን ሁለተኛው መንገድ ነው፤ በመካከል አማላጅ አልነበረውም። መሠረቱን የሠራው የ16 ዓመት ዕድሜ የነበረው አንድ የአሜሪካ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነው። ይህ ልጅ የአይሜሴጅን አሠራር ከውጭ ሆኖ በመመርመር፤ አንድ መሣሪያ ከአፕል ሰርቨር ጋር የሚነጋገርበትን ሥርዐት ደረጃ በደረጃ ፈልቅቆ አወጣና ማንም ሊያየው በሚችል ፕሮግራም ጻፈው። ቢፐር የተባለው ኩባንያ በዚህ ላይ ተመሥርቶ መተግበሪያውን አዘጋጀ።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። የአንድሮይዱ ስልክ ወደ አፕል አንድ ኤስኤምኤስ በመላክ ቁጥሩ የራሱ መሆኑን ያረጋግጣል፤ ቁጥሩም በአፕል መዝገብ ይገባል። ከዚያ በኋላ ስልኩ የምሥጢር ቁልፎቹን እዚያው በውስጡ ይሠራል። መክፈቻው ቁልፍ ከስልኩ አይወጣም፤ ወደ አፕል መዝገብ የሚሄደው መቈለፊያው ብቻ ነው። ባለ አይፎኑ መልእክት ሲልክ በዚህ መቈለፊያ ቈልፎ ይልካል፤ ሊከፍተው የሚችለውም የተቀባዩ ስልክ ብቻ ነው። የቢፐር የራሱ ሰርቨር ሥራ መተግበሪያው ተዘግቶ ሳለ «መልእክት መጥቶልሃል» ብሎ ስልኩን መቀስቀስ ነበር፤ ጽሑፉን ግን ሊያነበው አይችልም።

በሦስተኛው ቀን በዲሴምበር 8 አገልግሎቱ ተቋረጠ። በማግሥቱ አፕል በሰጠው መግለጫ፤ በሐሰተኛ ማስረጃ ወደ አይሜሴጅ የሚገቡ ዘዴዎችን እንደ ዘጋ፤ ዘዴዎቹም ስለ ተጠቃሚዎች ግንኙነት የሚናገሩ መረጃዎች እንዲጋለጡ፤ ያልተፈለገና የማጭበርበሪያ መልእክት እንዲበዛ በር የሚከፍቱ እንደ ሆኑ አስታወቀ።

ይህን መግለጫ በሙሉ ሐሰት ነው የሚሉ አሉ፤ እኛ ከእነርሱ ጋር አንስማማም። አንድ መሣሪያ በአይሜሴጅ ለመመዝገብ እውነተኛ የአፕል መሣሪያ መሆኑን የሚያስረዳ ማስረጃ ማቅረብ አለበት። አንድሮይድ ይህ ስለሌለው ቢፐር ከጥቂት እውነተኛ ማኮች የተገኘውን ማስረጃ ለብዙ ሰው ያካፍል ነበር፤ አፕልም ያወቀበት በዚህ ነው። እንግዲህ «ሐሰተኛ ማስረጃ» የሚለው ቃል ያለ ቦታው አልገባም። ስለ ማጭበርበሪያ መልእክት የተባለውም መሠረት አለው፤ ለመመዝገብ መሣሪያ መግዛት የግድ ሲሆን ለአጭበርባሪ ወጪ ነው፤ ያለ መሣሪያ መመዝገብ ሲቻል ግን ወጪው ይቀርለታል።

ነገር ግን መግለጫው ዘሎት የሚሄድ አንድ ጥያቄ አለ። በእነዚያ ሦስት ቀኖች በአንድ ባለ አይፎንና በአንድ ባለ አንድሮይድ መካከል የሚሄደው መልእክት ያለ አማላጅ የተቈለፈ ነበር። ከዲሴምበር 8 በኋላ የእነዚሁ ሁለት ሰዎች መልእክት ተመልሶ በኤስኤምኤስ ሳይቈለፍ መሄድ ጀመረ። ከሁለቱ አንዱ የአፕል ደንበኛ ነው፤ ገንዘቡን ከፍሎ አይፎን የገዛው ስለ ምሥጢሩ መጠበቅ ብዙ ማስታወቂያ ሰምቶ ነው። የእርሱ ቃል ከዚያን ቀን ጀምሮ በላከበት የቴሌ ኩባንያ ዘንድ ሊነበብ የሚችል ሆነ። መግለጫው ተጠቃሚዎቻችንን ለመጠበቅ ሲል ይህን ሰው ይቈጥረዋል ወይስ አይቈጥረውም? ይህ የቃል ክርክር ብቻ አይደለም። በዲሴምበር 2024 የአሜሪካ የጸጥታ ባለሥልጣኖች፤ ከቻይና ጋር ግንኙነት አላቸው የተባሉ ሰርጎ ገቦች በአገሪቱ የቴሌኮም ኩባንያዎች መረብ ውስጥ መግባታቸው ከታወቀ በኋላ፤ ከዳር እስከ ዳር በተቈለፈ መንገድ መጻጻፍ እንደሚሻል መክረዋል። የተጠነቀቁለት አደጋ ያ አረንጓዴው መንገድ ነበረ።

ሁለተኛም፤ ጥፋቱ የማስረጃው ሐሰተኛ መሆን ከሆነ ፈውሱ እውነተኛ ማስረጃ መስጠት ነው፤ ይኸውም አፕል ራሱ ለአንድሮይድ የሚሆን አይሜሴጅ ቢሠራ የሚያጠያይቅ ነገር አይኖርም። ለተፎካካሪ ስልክ መተግበሪያ መሥራት ከልማዱ ውጭ ነው እንዳይባል፤ አፕል ሙዚቃ የተባለውን አገልግሎት በ2015 ለአንድሮይድ አውጥቷል። ዘፈን ይሸጣል፤ ስለዚህ በሩ ተከፈተ። የመልእክቱ በር ለምን እንደ ተዘጋ የሚያስረዳን የ2023ቱ መግለጫ ሳይሆን የ2013ቱ ጽሑፍ ነው። በመግለጫው የተጠቀሰው አደጋ እውነተኛ ነው፤ የመዘጋቱ ምክንያት ግን እርሱ አይደለም፤ አሥር ዓመት ቀድሞ የተወሰነ ነገር በኋላ የመጣ ምክንያት ሊኖረው አይችልምና።

ቢፐርን ከትችት ነጻ አናደርገውም። የተማሪውን ሥራና የኩባንያውን ንግድ ለይተን ማየት ያስፈልጋል። ልጁ ያደረገው ምርመራ ነው፤ ያገኘውንም ለማንም ሊመረምረው ለሚችል ሰው ገልጦ አኖረ፤ በየቤተ ሙከራችን የምንማረው ከዚህ የተለየ አይደለም። ኩባንያው ግን ሌላ ሰው በገነባው፤ ሌላ ሰው በሚከፍልበት ሰርቨር ላይ ተቀምጦ በወር ሁለት ዶላር ያህል ሊያስከፍል ተነሣ፤ ነገ እንደሚቀጥል ሊያረጋግጠው የማይችለውን ነገር ሸጠ። የሰው ወርቅ አያደምቅ የተባለው ለዚህ ነው። ከታገደም በኋላ የወሰዳቸው እርምጃዎች አንድ በአንድ ወደ ኋላ የሚመልሱ ነበሩ። መጀመሪያ በስልክ ቁጥር መመዝገብ ቀርቶ በአፕል አካውንት ብቻ ሆነ፤ ክፍያውም ተነሣ። ቀጥሎ ከራስ ወይም ከወዳጅ ማክ የተገኘ ማስረጃ አስፈለገ። በመጨረሻ የቀረበው ምክር ደግሞ አሮጌ አይፎን ፈልጎ የውስጥ ቁልፉን ሰብሮ ቤት ውስጥ ማስቀመጥ ሆነ። አይፎን ሳይዙ ወደ አይሜሴጅ ለመግባት አይፎን መያዝ ማለት ነው፤ ሚስተር ኩክም ከዚህ የተለየ ነገር አላሉም ነበር። ዲሴምበር ሳያልቅ ቢፐር ከአፕል ጋር የድመትና የአይጥ ሩጫውን እንዳቆመ አስታወቀ፤ በኤፕሪል 2024 አውቶማቲክ የተባለው ኩባንያ ገዛው።

የዘጋ ሁሉ ሲያተርፍ አይኖርም። ብላክቤሪ በ2005 ያወጣውን ቢቢኤም የተባለ የመልእክት አገልግሎት ለስምንት ዓመት ለራሱ ስልክ ብቻ አድርጎ ያዘ፤ በኦክቶበር 2013 ለአይፎንና ለአንድሮይድ ሲከፍተው ሰው ወደ ዋትስአፕ ሄዶ ነበር፤ በሜይ 2019 ለሕዝብ የነበረው አገልግሎት ተዘጋ። አይፎን በአሜሪካ ያለው ኀይል ከብላክቤሪው ስለሚበልጥ ያው ዕጣ ይደርሰዋል አንልም። የአውሮፓ ኮሚሽን በበኩሉ በፌብሩዋሪ 2024 አይሜሴጅ ለሌሎች ይከፈት ዘንድ በአዲሱ ሕጉ ሥር እንዳይገባ ወስኖ ተወው፤ በአውሮፓ ብዙው ሰው የሚጻጻፈው በዋትስአፕ ነውና።

ከዚያ ወዲህ አፕል በራሱ እጅ አንዳንድ ነገር አሻሽሏል። ኤስኤምኤስን ይተካል የተባለውን አርሲኤስ የተባለ ሥርዐት እንደሚቀበል በኖቬምበር 2023፤ ማለት ቢፐር ሚኒ ከመውጣቱ ሦስት ሳምንት ያህል አስቀድሞ አስታወቀ፤ በሴፕቴምበር 2024ም አይኦኤስ 18 ሲወጣ ፈጸመው። አሁን ቪዲዮው ሳይደበዝዝ ይደርሳል፤ የመውደድ ምልክቱም እንደ ምልክት ይታያል። ነገር ግን በአይፎንና በአንድሮይድ መካከል የሚሄደው አርሲኤስ ሲጀመር አልተቈለፈም ነበር፤ መደቡም አረንጓዴ እንደ ሆነ ቀረ። የዓለም የሞባይል ኩባንያዎች ማኅበር አርሲኤስ ከዳር እስከ ዳር የሚቈለፍበትን ደንብ በማርች 2025 ሲያወጣ አፕልም ወደፊት እንደሚጨምረው ቃል ሰጠ። ልብ ብሎ ለሚያነብ ይህ ቃል ራሱ አንድ ነገር ያምናል፤ ከአንድሮይድ ጋር ተቈላልፎ መጻጻፍ በራሱ አደገኛ እንዳልነበረ።

የፍትሕ ሚኒስቴሩ ክስ በኒው ጀርሲ በፌዴራል ፍርድ ቤት ቀርቧል። አፕል ክሱ ገና ሳይመረመር እንዲሰረዝ ያቀረበውን አቤቱታ ዳኛው በጁን 30 ቀን 2025 አልተቀበሉትም። ለእናትህ አይፎን ግዛላት የሚለው መልስ በክሱ ጽሑፍ ውስጥ ተጠቅሶ ይገኛል።